ሁለት መቶ አሥራ አራተኛው መስመር

ኦርታ ወደብ ናት፤ ከባሕር የመጣ መልሕቁን ይጥላል፣
ወረቀቱን አሳይቶ፣ ስሙን አስመዝግቦ፣ ግንቡ ላይ ሥዕል ይስላል።
ያልተጣራው ጀልባ ቢጫ ባንዲራውን ከፍ አድርጎ ይሰቅላል፣
«ግባ» እስኪሉት ድረስ ከዳር ተነጥሎ ማዕበል ላይ ይውላል።

እኔም ከኮረብታው፣ ከሆስፒታሉ ምድር ቤት፣
ሌላ ወደብ አለኝ፣ ውኃ የማያውቀው፣ ሽቦ የሞላበት።
ግድግዳው በሙሉ ትንንሽ ቀዳዳ፣
ኮምፒውተር ሲሰካ፣ አታሚ ሲሰካ፣ ይጠየቃል እንደ እንግዳ፦
«ማነህ? ከማን ወገን? ምስክርህ የታል?»
መልሱ ካማረለት አረንጓዴ በርቶ በሩ ይከፈታል፤
ካላማረለትም ቢጫው ብልጭ ይላል፣ ከጓሮ ይቀራል፣
ማንንም ሳያገኝ፣ ማንም ሳያናግረው፣ ብቻውን ያድራል።

ዛሬ ሌሊት ፍተሻ ነው።
የእህቴን ልጅ የጨዋታ ሣጥን ይዤ መጣሁ ከቤት፣
ማንም የማያውቀው፣ ከየትኛውም መዝገብ ስሙ የሌለበት።
ሦስተኛ ፎቅ ወጣሁ፣ ከአሳንሰሩ ጎን ካለው ቀዳዳ ሰካሁት፣
ቢጫውን ጠበቅሁት።

አረንጓዴ በራ።
ሣጥኑም ደስ ብሎት ሙዚቃውን ለቀቀ፣ ኳሱን አንከባለለ፣ ማንንም ሳይፈራ።

ወርጄ ከወንበሬ ዝርዝሩን ከላይ ጀመርሁ ማንበብ፣
ሦስት መቶ ስድሳ ሕግ፣ እየቆጠርሁ በጣት፣ እየጎተትሁ በሐሳብ።
ይህ ዳኛ ልማድ አለው፤ ከላይ ወደ ታች ሲያነብ
ቀድሞ የገጠመው ፍርዱ ነው፤ ከዚያ ወዲያ አያስብ።
ከታች «ከልክል»፣ «መልስ»፣ «አባር» ቢደረደር መቶ፣
ማን ሊሰማው? እንግዳው አልፏል በላይኛው በር ገብቶ።

ኤቫሪስቶን ጠረጠርሁ።
ይህን አጥር የሠራ እሱ ነው፤ አሁን ጡረታ ወጥቶ
ከማዶ፣ ከፒኮ ደሴት፣ ወይን ይገርዛል ከጥቁር ድንጋይ ተጠግቶ።
ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት ደወልሁ፤ ሰላምታ እንኳ አላስቀደምሁ፦
«አንተ ሰው፣ ምን ጥለህብን ሄድህ?» አልሁ።
ሳለ። አዛጋ። «መጀመሪያ ከመስመሩ ጎን ያለውን ማስታወሻ አንብቢ፣
ከዚያ ተራገሚ፣ ከዚያ ተሳደቢ።»

ሁለት መቶ አሥራ አራት፦ «ሁሉም ይግባ።»
ከጎኑ አንዲት ቃል፦ «ለጊዜው»።
ቀኑ የካቲት፣ ሦስት ዓመት ያለፈው።
ከቃሏ ቀጥሎ ሁለት ፊደላት፦ ዙ. ቤ.

ዙልሚራ ቤተንኩር።
እኔ ነኝ።
ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል ይባላል፤
የእኔው ዘንዶ ደግሞ ስሜን በአንገቱ ላይ አስሯል።

ያን ሌሊት አስታወስሁት። ማዕበል ነበር፤ ከደሴት ደሴት የሚሻገር ጠፍቶ፣
ሰማይና ባሕር አንድ ላይ ተሰፍቶ።
በሰባት ወሯ የተወለደች ሕፃን በመስታወት ሣጥን ውስጥ ነበረች፣
እፍኝ የማትሞላ፣ ግን የምትተነፍስ፣ አልሄድም ያለች።
ልቧን የሚቆጥረው መሣሪያ የምስክር ወረቀቱ ጊዜ አልፎበት
በሩ «አላውቅህም» አለ፤ አላዘነለት።
ነርሷ ኦቲሊያ ከፎቅ ስልክ ደውላ «አሁን! አሁን!» ስትለኝ፣
ለአንዱ በር መክፈቱን ትቼ አጥሩን በሙሉ አነሣሁ፤ ማን ይፍረድብኝ?
«ሲነጋ እመልሳለሁ» ብዬ ነበር። ነጋ፤ ሌላ ሥራ መጣ፤
«ለጊዜው» ግን ሥር ሰደደ፣ ቅጠልም አወጣ።

አሁን ለዚያ መሣሪያ በስሙ፣ ለብቻው፣ አንድ መስመር ጻፍሁ፣
የቀድሞውን ከማጥፋቴ በፊት ሁለቴ አነበብሁ፣
አጠፋሁ።
አሳንሰሩን ረስቼ በደረጃ ሮጥሁ፣ ስልኩ ከጆሮዬ ሳይነሣ፣
ሣጥኑን ነቅዬ ሰካሁት እንደገና።

ቢጫ።
ኳሱ አየር ላይ ቀረ። ሙዚቃው ተቆረጠ።
እንዲህ ያለ ቆንጆ ቢጫ አይቼ አላውቅም።

«እሺ» አለ ኤቫሪስቶ። «ሌላስ የለም?»
«ለጊዜው የለም።»

ሁለታችንም ዝም አልን። ከዚያ እሱ ሳቀ።
እኔ ወደ ምድር ቤት ወረድሁ።
በመስኮቱ ቀዳዳ፣ ከታች፣ ገና የደረሰ አንድ ጀልባ
ቢጫ ባንዲራውን ለነፋስ ሰጥቶ ይጠብቃል።
ያችን ቃል በዝርዝሩ ውስጥ ፈልግልኝ አልሁት ለማሽኑ።

አሥራ አንድ ቦታ።